ስለ አረፋ ጠባይና ስለ ጽኑ ቁጥጥር የተደረገ ዲስኩር



ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት እንድናገርበት የመረጥሁት ርእስ ስሙ ሲጠራ ከሩቅ የመጣ ቢመስልም፣ ነገሩ ግን በየቤታችን ምድጃ ላይ የሚገኝ ነው። ውሃ ተጥዶ ከመፍላቱ በፊት ሲያጉረመርም ሁላችንም ሰምተናል፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። እሳቱ በሚያገኘው ወለል ላይ የእንፋሎት አረፋ ትወለዳለች፤ ጥቂት ከፍ ስትል ገና ካልሞቀው ውሃ ጋር ትገናኛለች፤ በዚያች ቅጽበት እንፋሎቷ ተመልሶ ውሃ ስለሚሆን ሆዷ ባዶ ይቀራል፤ በዙሪያዋ ያለው ውሃም ከየአቅጣጫው ወደ ውስጥ ይደረመስባታል። የምንሰማው ጉርምርምታ የዚህ የእልፍ አእላፍ ድርመሳ ድምር ነው። ውሃው እስከ ላይ ድረስ እኩል ሞቆ መንተክተክ ሲጀምር አረፋዎቹ ሳይደረመሱ ገጹ ላይ ስለሚደርሱ ድምፁ ይለዝባል።

የምናገረውም ስለዚሁ ስለ አረፋ መስፋትና መደርመስ፣ ይልቁንም ይህን ብርቱ ጠባይ በሰው ፈቃድ ሥር ለማዋል ዛሬ ስለሚደረገው ጥረት ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ሊቃውንት የአረፋን ኃይል በቁም ነገር እንዲመረምሩ ያስገደዷቸው መርከብ ሠሪዎች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የእንግሊዝ ፈጣን መርከቦች ከአንድ ወሰን ሲደርሱ፣ ሞተሩ የቱን ያህል ኃይል ቢጨመርለት ፕሮፔለሩ ውሃውን በመግፋት ፈንታ በከንቱ እየተሽከረከረ ፍጥነቱ አልጨምር ይል ነበር። በ1893 ወደ ባሕር የወረደችው ዴሪንግ የተባለችው የጦር ጀልባ ይህ ደረሰባት፤ ቻርልስ ፓርሰንስ በ1894 ወደ ባሕር ያወረዷት ተርቢኒያም እንደዚሁ። ፓርሰንስ ግን በሐሳብ ብቻ የሚረኩ ሰው ስላልነበሩ ሁለት ኢንች ስፋት ያለው ፕሮፔለር የሚዞርበት ትንሽ የውሃ ሳጥን አሠርተው በብልጭታ ብርሃን ቢመለከቱ፣ ከፕሮፔለሩ ስለት ጀርባ የውሃው ግፊት ሲወድቅ፣ ውሃው ወደ እንፋሎት እየተለወጠ አረፋ ሲሠራ አዩ። ከዚያም ሥራውን ለሦስት ዘንጎችና ለዘጠኝ ፕሮፔለሮች አከፋፍለው፣ በ1897 ለንግሥት ቪክቶሪያ ኢዮቤልዩ በተደረገው የመርከቦች ትርኢት ላይ ተርቢኒያ ከ34 ኖት በላይ ስትከንፍ ጉባኤው ሁሉ በአንክሮ ተመለከታት።

የፍጥነቱ ችግር በዚህ ቢቀልም ሌላ ችግር ቀርቶ ነበር፤ ጠንካራው የፕሮፔለር ብረት ምስጥ እንደ በላው እንጨት እየተቦረቦረ ይወጣ ነበርና። ለዚህ ምላሽ የሰጡት ሎርድ ሬይሊ ናቸው። ቤሳንት የተባሉት የሒሳብ ሊቅ በ1859 ባነሡት ጥያቄ ላይ ተመሥርተው በ1917 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በውሃ ውስጥ ያለች ባዶ ክብ ስትደረመስ በየትኛው ፍጥነት እንደምትዘጋና በመጨረሻው ቅጽበት ምን ያህል ግፊት እንደምትወልድ አሰሉ። ራዲየሷ አንድ ሚሊሜትር የሆነ ባዶ አረፋ በተራው የአየር ግፊት ሥር ለመዘጋት የሚያስፈልጋት ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ አንድ ሺሕኛ አሥር ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። በዙሪያዋ የነበረው የሰፊ ውሃ ጉልበት ሁሉ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ወደ አንዲት ነጥብ ስለሚጠራቀም፣ ብረት መቦርቦሩ አያስገርምም። እንደ እኛ አብዛኛውን መብራቱን ከውሃ ኃይል የሚያገኝ ሀገርም ይህን የባሕር ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ ሊተወው አይገባውም፤ በግድብ ሥር የሚዞር ተርባይን የሚፈራው ይህንኑ ድርመሳ ነውና።

ውስጧ ጋዝ ያለባት አረፋ ደግሞ ከባዶዋ የተለየ ጠባይ አላት። ጋዙ ሲጨመቅ መልሶ ስለሚገፋ፣ አረፋዋ በሰፋችና በጠበበች ቁጥር ትርገበገባለች፤ የሆላንድ ነዋሪ የነበሩት የከዋክብት ተመራማሪ ማርሴል ሚናርት በ1933 እንዳስረዱት፣ የፏፏቴና የምንጭ ዜማ የሚወለደው ከዚህ ርግብግብታ ነው። ራዲየሷ አንድ ሚሊሜትር የሆነች የአየር አረፋ በሴኮንድ 3,260 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች፤ መጠኗ ባነሰ ቁጥር ድምጿ እየቀጠነ ከሰው ጆሮ በላይ ይሄዳል። ሚልተን ፕሌሴት በ1949፣ ሌሎችም ከእርሳቸው በኋላ፣ የሬይሊን ስሌት አስፋፍተው የጋዙን ግፊት፣ የውሃውን ገጽ ውጥረት፣ ዝልግልግነቱንና ከውጭ የሚመጣውን የድምፅ ግፊት በአንድ እኩልታ አጠቃለሏቸው። እኩልታው በሁለቱ ሊቃውንት ስም ይጠራል፤ አጭር ነው፤ በአንድ መስመር ይጻፋል። በውስጡ የተሸሸገው ምስቅልቅል ግን ለብዙ ሊቃውንት ዕድሜ ልክ የሚበቃ ሆኖ ተገኝቷል።

ምክንያቱም የአረፋ ምላሽ ከተገፋችበት መጠን ጋር አይመጣጠንም። ቀስ ብለው ሲገፏት ቀስ ብላ ትርገበገባለች፤ ግፊቱን እጥፍ ሲያደርጉት ግን ምላሿ እጥፍ አይሆንም፤ ስትሰፋ ቀስ ብላ በሰፊው፣ ስትጠብ ደግሞ በአንድ ቅጽበት በድርመሳ ይሆናል። በጀርመን ሀገር በጎቲንገን ላውተርቦርንና ክራመር በ1981 ባሳተሙት ጥናት ውሃን በአንድ በተወሰነ ድምፅ እያናወጡ፣ አረፋዎቹ የሚመልሱትን ድምፅ አዳመጡ። የላኩትን ድምፅ እያጎሉ በሄዱ ጊዜ ከአረፋዎቹ የሚመለሰው ድምፅ መጀመሪያ የላኩትን ድምፅ ድግግሞሽ ግማሽ፣ ቀጥሎ ሩቡን እየጨመረ ሄደ፤ በመጨረሻም ምንም ሥርዓት የማይገኝበት ሰፊ ጫጫታ ሆነ። የገባው ድምፅ ሥርዓት ያለው፣ የወጣው ግን ሥርዓት የሌለው መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በመካከላቸው ያለችው ያቺ አንድ መስመር እኩልታ ናት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የአረፋን ጠባይ የሚገልጥ አንድ ትርኢት ስላለ ጥቂት ልቆይበት። በ1934 ፍሬንትሰልና ሹልቴስ የተባሉ ጀርመናውያን በብርቱ ድምፅ የሚናወጥ ውሃ በጨለማ ውስጥ ብርሃን እንደሚሰጥ አስተዋሉ። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ደግሞ ፌሊፔ ጋይታን በአሜሪካ በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ነጠላ አረፋ ብቻ በብልቃጥ መካከል በድምፅ ኃይል ሰቅለው ለማቆየት ቻሉ። እንዲህ ባለው ሙከራ አምስት ማይክሮሜትር ያህል ራዲየስ ያላት አረፋ በሴኮንድ ከ20 ሺሕ ጊዜ በላይ እየተናወጠች በየዙሩ እስከ 50 ማይክሮሜትር ትሰፋለች፤ ከዚያም ከአንድ ማይክሮሜትር በታች እስክትሆን ትደረመሳለች። ራዲየሷ መቶ ጊዜ ቢያንስ ይዘቷ ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል ማለት ነው፤ በውስጧ የተጨመቀው ጋዝም በሺሕ በሚቆጠሩ ዲግሪዎች ግሎ ከአንድ ሴኮንድ ቢሊዮንኛ ያነሰች ብልጭታ ይተፋል። ክፍሉን አጨልሞ ዓይኑን ያለማመደ ሰው ብልጭታዎቹ ተከታትለው በብልቃጡ መካከል እንደ ደብዛዛ ኮከብ ያያቸዋል። ይህ የሚሆነው ግን በጠባብ ወሰን ውስጥ ነው፤ የድምፁ ግፊት ከአንድ ከባቢ አየር ተኩል በላይ ሲያልፍ አረፋዋ ቅርጿን አጥታ ትበታተናለች።

እንግዲህ ይህችን የምታህል ኃይለኛ ፍጡር በሰው ደም ሥር ውስጥ ልናሰማራት እንሻለን። ግራሚያክና ሻህ በ1968 በልብ ውስጥ የገቡ ጥቃቅን አረፋዎች የአልትራሳውንድን ሥዕል እንደሚያጎሉ ካመለከቱ ወዲህ፣ በቅባት ወይም በፕሮቲን ቀጭን ሽፋን የተከለሉና ከቀይ የደም ሕዋስ የማይበልጡ አረፋዎች ተሠርተው በየሆስፒታሉ ይሰጣሉ። ቀጥሎም ሥዕል ከማጉላት አልፈው መድኃኒት እንዲያደርሱ፣ የአንጎልን ደም ሥር የሚጠብቀውን ግርዶሽ ለጊዜው እንዲከፍቱ ታሰበ። ቀስ ብላ የምትርገበገብ አረፋ የደም ሥሩን ግድግዳ እያሻሸች ታላላዋለች፤ የምትደረመስ አረፋ ግን ግድግዳውን ትቀድደዋለች። በመዳንና በመጎዳት መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ አረፋዋ በምትርገበገብበት ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይህን ሥርዓት የሚጠብቅ ተቆጣጣሪ ማስፈለጉም ግልጽ ነው።

የቆየው የቁጥጥር ጥበብ የሚቆጣጠረውን ነገር አስቀድሞ አጥንቶ፣ የማይፈልገውን ኃይል በተቃራኒ ኃይል ይሰርዘዋል። ይህ መንገድ ሙሉ ዕውቀትን ይጠይቃል፤ የአረፋን ጠባይ በሙሉ የሚያውቅ ግን ማን ነው? አንድ ምሳሌ ላቅርብ። አረፋዋ ስትጠብ ሙቀቱ ወደ ውሃው ለመውጣት ፋታ ካገኘ የጋዙ ግፊት በራዲየሱ ሦስተኛ ኃይል ተገላቢጦሽ ልክ ይጨምራል፤ ፋታ ካላገኘ ደግሞ፣ ጋዙ አየር ቢሆን፣ በአራት ነጥብ ሁለት ኃይል ተገላቢጦሽ ልክ ይጨምራል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ሲሆን በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። ራዲየሷ በግማሽ ሲቀንስ አንደኛው ስሌት ግፊቱ ስምንት ጊዜ ጨመረ ሲል ሁለተኛው 18 ጊዜ ይላል፤ ራዲየሷ ወደ አሥረኛው ሲወርድ አንደኛው አንድ ሺሕ፣ ሁለተኛው 16 ሺሕ ያህል ይላል። በዚህ ላይ የሽፋኗ ጥንካሬ፣ የጎረቤቶቿ አረፋዎች ግፊት፣ የደም ሥሩ ቅርበት ይጨመራል። ይህን ሁሉ በትክክል አውቄ እሰርዘዋለሁ ማለት ከንቱ ድፍረት ነው።

አለማወቅን ሳያስወግዱ ሥራ መሥራት የሚቻልበትን መንገድ የከፈቱት በሞስኮ የቁጥጥር ሳይንስ ተቋም የነበሩት ስታኒስላቭ ኤሜሊያኖቭና ቫዲም ኡትኪን፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ነው። ኡትኪን በ1977 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን ለምዕራቡ ዓለም በሰፊው አስታወቀ። ሐሳባቸው ሲጠቃለል እንዲህ ነው። በወረቀት ላይ አንድ አግዳሚና አንድ ቋሚ መስመር እናስምር፤ አግዳሚው የአረፋዋ ራዲየስ ከተፈለገው መጠን ምን ያህል እንደራቀ፣ ቋሚው ይህ ርቀት በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ይንገረን። ሁለቱ በሚቆራረጡበት ነጥብ በኩል የሚያልፍ አንድ ዘንበል ያለ መስመር ደግሞ በራሳችን ፈቃድ እናስምር። ከእንግዲህ የተቆጣጣሪው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ አረፋዋ ከመስመሩ በላይ ከሆነች በአንድ ወገን፣ ከመስመሩ በታች ከሆነች በሌላው ወገን በሙሉ ኃይል መግፋት። መስመሩ ላይ በደረሰች ጊዜ ከዚያ መውጣት ስለማትችል በመስመሩ ላይ እየተንሸራተተች ወደ ተፈለገው ነጥብ ትወርዳለች።

ነገሩ ከገበሬ ሥራ ጋር ይመሳሰላል፤ በሬውን በፈሩ የሚያስኬድ ገበሬ የበሬውን ክብደት አልመዘነም፤ ከመሬቱ ሥር ያለውን ድንጋይም አላየም፤ ወደ ግራ ሲያዘነብል ከግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ከቀኝ በጅራፉ ይመልሰዋል፤ የሚያስፈልገው ጅራፉ ከበሬው እምቢታ እንዲበረታ ብቻ ነው።

ተንሸራታች የሚባለው የዚህ ሥርዓት ውበት፣ አረፋዋ መስመሩን ከያዘች በኋላ የምትወርድበት ፍጥነት በጋዟም በሽፋኗም የማይወሰን፣ እኛ በመረጥነው የመስመሩ ዝንባሌ ብቻ የሚወሰን መሆኑ ነው። መስመሩን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንደምትይዝም ማረጋገጥ ይቻላል፤ ማረጋገጫው ከመስመሩ ያላት ርቀት ካሬ ሳያቋርጥ በበቂ ፍጥነት እንደሚቀንስ ማሳየት ሲሆን፣ የዚህ ዓይነቱ ማስረጃ አባት ሩሲያዊው ሊያፑኖቭ በ1892 ባቀረቡት ድርሳን መሠረቱን ጥለውልናል። ማስረጃው ከእኛ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማናውቀው ኃይል ቢበዛ ምን ያህል እንደሚሆን መናገር። አለማወቅ ራሱ አይከለከልም፤ ወሰን ግን ይሰጠው ዘንድ ግድ ነው። ለእኔ የዚህ ጥበብ እውነተኛ ክብር እዚህ ላይ ነው፤ ጽኑ የሚባለው ተቆጣጣሪም የጽናቱ መጠን ይህን ወሰን የደነገገው ሰው በነበረው ሐቀኝነት ልክ ነው።

ይህ ዘዴ ከአረፋ ጋር የሚስማማበት አንድ ጥሩ ምክንያት አለ። ብራኒስላቫ ድራዤኖቪች የተባሉት ሊቅ በ1969 እንዳመለከቱት፣ የሚያውከው ኃይል የቁጥጥሩ ኃይል በሚገባበት በር የሚገባ ከሆነ ተንሸራታቹ ሥርዓት ከነጭራሹ አይነካም። በአረፋ እኩልታ ውስጥ የጋዙ ግፊት፣ የገጹ ውጥረት፣ ዝልግልግነቱና ከውጭ የምንልከው ድምፅ ሁሉም የሚገቡት በአንድ በር ነው፤ ሁሉም የግድግዳዋን የፍጥነት ለውጥ ይወስናሉና። በኮምፒዩተር በሚሠራ ስሌት ላይ ምስቅልቅል የነበረችው አረፋ ተቆጣጣሪው ሲበራባት ወዲያው ተገርታ የታዘዘችውን መስመር የምትከተለው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን እዚሁ ላይ መቆም ግዴታ አለብን። ቅድም እንዳልሁት ራዲየሷ ወደ አሥረኛው ሲወርድ የአለማወቃችን መጠን ራሱ ከሺሕ እስከ 16 ሺሕ ይዘረጋል፤ ለዚያ ወሰን የሚበቃ ግፊት የሚሰጥ የድምፅ መሣሪያ በሕመምተኛ ሰውነት ላይ ሊያዝ አይቻልም፤ ቢቻልም አይፈቀድም። ስለዚህ አረፋዋ ከመደርመሷ በፊት መያዝ አለባት እንጂ ድርመሳው ከጀመረ በኋላ የሚያስቆማት ተቆጣጣሪ ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛው ችግር በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለማቋረጥ መመላለስ የሚያስከትለው መርገፍገፍ ነው። ለሌላ ማሽን መርገፍገፍ ጥርሶቹን የሚበላ ጉዳት ነው፤ ለአረፋ ግን ተጨማሪ ድምፅ ነው፤ ድምፅም አረፋዋን ከክብነቷ አውጥቶ እንደ ኮከብ ባለ ጫፍ ያደርጋታል፤ ያን ጊዜ ራዲየስ ብለን የጀመርነው ስሌት ሁሉ ትርጉም ያጣል። ስሎቲን በ1980ዎቹ በመስመሩ ዙሪያ ቀጭን ወሰን አበጅተው በዚያ ውስጥ ግፊቱ እንዲለዝብ ያደረጉት፣ ሌቫንትም በ1993 ግፊቱ ራሱ ሳይዘል ቀስ ብሎ እንዲለወጥ የሚያደርግ ዘዴ ያወጡት፣ ይህን መርገፍገፍ ለማብረድ ነው። በአረፋ ላይ የሚሠራ ሰው ከእነዚህ አንዱን ሳይጠቀም ቢቀር ሥራው ያልተፈጸመ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ችግር ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ተቆጣጣሪው የአረፋዋን ራዲየስና ፍጥነቱን በየቅጽበቱ ማወቅ አለበት። በቤተ ሙከራ ይህ ይቻላል፤ በሆላንድ ሀገር ተሠርቶ በ2003 የተገለጠው ብራንዳሪስ 128 የተባለው ካሜራ በሚሽከረከር መስታወት ብርሃኑን ለ128 የሥዕል መያዣዎች እያዳረሰ በሴኮንድ 25 ሚሊዮን ሥዕሎች ያነሣል። ሥዕሎቹ ግን የሚታዩት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በሰው ሰውነት ውስጥ ደግሞ ካሜራ ስለማይገባ የቀረን የአረፋዋን ድምፅ ማዳመጥ ብቻ ነው። ድምፅ በሥጋ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አረፋዋ ከቆዳው አምስት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ብትሆን ድምጿ እኛ ዘንድ ለመድረስ 33 ማይክሮሴኮንድ ይወስድበታል፤ ትእዛዛችን ተመልሶ እርሷ ዘንድ ለመድረስም ሌላ 33 ይወስዳል። በአንድ ሜጋኸርዝ ድምፅ የምትናወጥ አረፋ በዚህ መካከል ከ60 ዙር በላይ ትርገበገባለች። መስመሩን ግራና ቀኝ የሚጠብቀው ተቆጣጣሪ ይህን ያህል ዘግይቶ ከደረሰ፣ ወደ ታች መግፋት ሲገባው ወደ ላይ ይገፋል፤ ያረጋጋል የተባለውም ያውካል። ስለዚህ ቁጥጥር የሚታተሙት የኮምፒዩተር ስሌት ውብ ሥዕሎች ይህን መዘግየት እንደ ዜሮ የሚቆጥሩ ከሆኑ፣ ጸሐፊው ይህን በግልጽ እንዲናገር አንባቢው ሊጠይቀው ይገባል።

ከዚህ የተነሣ ዘዴው ይጣል አልልም፤ ቦታው ይለወጥ እላለሁ። አልትራሳውንዱ የሚላከው ሳያቋርጥ ሳይሆን በአጫጭር ምቶች ነው፤ በምትና በምት መካከል ያለው ፋታ በሺሕኛ ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም በሙሉ ሴኮንድ ይቆጠራል፤ ከ66 ማይክሮሴኮንድ መዘግየት ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ጊዜ ነው። በቶሮንቶ ከተማ ኦራይሊና ሃይኒነን በ2012 ባሳተሙት ሥራ ይህንኑ ተጠቀሙ፤ የአንጎልን ደም ሥር ግርዶሽ ለመክፈት በእንስሳት ላይ ሲሞክሩ ግፊቱን በየምቱ ከፍ እያደረጉ የአረፋዎቹን መልስ አዳመጡ፤ አረፋዎቹ ወደ ድርመሳ መቃረባቸውን የሚያሳብቀው ልዩ ድምፅ በተሰማ ጊዜም ግፊቱን ወደ ግማሽ ያህል አውርደው በዚያ ጠበቁት። ተንሸራታቹን ሥርዓት ወደዚህ ሥፍራ ብናመጣው፣ መስመሩ የሚሰመረው በራዲየስና በራዲየስ ፍጥነት ላይ ሳይሆን በተሰማው ድምፅ ብርታትና ከምት ወደ ምት ባለው ለውጥ ላይ ይሆናል፤ የአለማወቅ ወሰኑም ከሰው ወደ ሰው በሚለያየው የራስ ቅል ውፍረትና በደሙ ውስጥ ባሉት አረፋዎች ብዛት ይደነገጋል፤ እነዚህ ደግሞ አስቀድሞ ሊለኩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።